ልጃችሁ "ለተሳትፎ" ዋንጫ ይዞ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ከሜዳ እስከ መደርደሪያ፣ ዝርዝር መመሪያ

ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የቡድኑ በረኛ። በዚያ ውድድር አንድም ጨዋታ አላሸነፉም፣ የመጨረሻው ቀን ብቻ ሰባት ጎል ገብቶበታል። ፊሽካው ሲነፋ ልጆቹ ተሰለፉና ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዋንጫ ታደለ። የወርቅ ቀለም የተቀባች ፕላስቲክ ናት፣ ከመዳፍ ብዙም አትበልጥም፣ ግርጌዋ ላይ "ሻምፒዮን" የሚል ስቲከር ተንጋዶ ተለጥፎባታል። እኔም አጨበጨብኩ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ "የኔ ሻምፒዮን!" አልኩት። ዝም አለኝ።

ማታ ክፍሉ ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ስቲከሩን በጥፍሩ ሲፍቅ አገኘሁት። "ሻ" ጠፍታለች፣ "ም" እየተላጠች ነው። ምን እየሠራህ ነው ስለው ቀና ሳይል "አላሸነፍንማ" አለኝ። የተናደደ አይመስልም፤ ደብተሩ ላይ የተሳሳተ ቃል እንደሚያጠፋ ተማሪ ተረጋግቶ ነው የሚፍቀው። ሲጨርስ ብናኙን እፍ ብሎ ዋንጫዋን መደርደሪያው ላይ አቆማት።

ዋንጫዋን ወዷታል ማለት ነው። ያልተዋጠለት ውሸቷ ነው።

ይህ መመሪያ የተነሳው ከዚያ ነው። ስለ ተሳትፎ ዋንጫ ሲወራ አንዱ ወገን "ልጆቹን አሞላቀቅናቸው" ይላል፣ ሌላው "ኧረ ተዉ፣ ልጆች እኮ ናቸው" ይላል። በ2015 የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ጄምስ ሃሪሰን የ8 እና የ6 ዓመት ልጆቹ የተሰጣቸውን የተሳትፎ ዋንጫ እንደሚመልስ ኢንስታግራም ላይ ጻፈና ዓለም ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተጨቃጨቀ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ነገሩን የዘመኑ ልጆች ጣጣ የሚያደርጉትም አሉ። ግን በ1896 አቴንስ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ እንኳ የተሳትፎ ሜዳሊያ ነበር፤ ለኦሎምፒክ ተወዳዳሪዎች ዛሬም ይሰጣል። ያ ሜዳሊያ ማንንም ሲያሞላቅቅ አላየንም።

ኖርዌይን ደግሞ እዩ። የአገሪቱ የልጆች ስፖርት ደንብ ሽልማት ካለ ለሁሉም ልጅ ይሰጥ ይላል፣ እስከ 12 ዓመት ድረስ። የደረጃ ሰንጠረዥም ልጆቹ 11 እስኪሞላቸው አይወጣም። እና ይቺው አገር በ2022ቱ የቤጂንግ የክረምት ኦሎምፒክ 16 ወርቅ ወሰደች፤ እስከዚያ ድረስ በአንድ የክረምት ኦሎምፒክ ያን ያህል ወርቅ የወሰደ አገር አልነበረም። ዋንጫ ማደሉ ነው ያሸነፋቸው አልልም፣ በረዶውም ገንዘቡም አለ። ግን "ለሁሉም ከሰጠህ ልጁ ልፍስፍስ ይሆናል" የሚለው ነገር እዚህ ጋ ይሰናከላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው በዋንጫዋ ዙሪያ የምንናገረውና የምናደርገው ነው። እንግዲህ ወደ ሥራው።

1. ከውድድሩ በፊት፦ ዕቃውን በትክክለኛ ስሙ ጥሩት

ለልጅ የሚሰጥ ነገር ሦስት ስም አለው፦ ሽልማት፣ ማስታወሻ፣ ማባበያ። ሽልማት የሆነ ነገር አሸንፈህ ወይም ሠርተህ የምታገኘው ነው። ማስታወሻ "እዚያ ነበርክ" ይላል፣ እንደ ፎቶ። ማባበያ ደግሞ እንዳታለቅስ አፍህ ላይ የሚደረግ ነው። የተሳትፎ ዋንጫ በባሕርይው ማስታወሻ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሽልማት ነው ብለን ስናቀርበው፣ ወይም ልጁ ሆድ ሲብሰው እንደ ማባበያ ስንወረውርለት ነው።

ስለዚህ ዋንጫ እንደሚታደል ካወቃችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፣ አሳጥራችሁ፦ "መጨረሻ ላይ ለሁሉም ልጅ ትንሽ ማስታወሻ አለ። አሸናፊው ቡድን ደግሞ የራሱ ዋንጫ አለው።" በቃ። ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ማስታወሻ አለ ብሎ መንገር አንድ ነገር ነው፣ "ከተጫወትክ ዋንጫ ታገኛለህ" ብሎ መደለል ሌላ ነው። በ1973 ሌፐር፣ ግሪን እና ኒዝቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በማርከር መሳል የሚወዱ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ሕፃናትን ለሦስት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን "ከሳላችሁ የወርቅ ኮከብና ሪባን ያለበት ሰርተፊኬት ትሸለማላችሁ" ተባለ። ሁለተኛው ሰርተፊኬቱ ከሳለ በኋላ ሳይጠብቅ ደረሰው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማርከሮቹን እንደገና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ማንም ሳያዛቸው ምን ያህል እንደሚስሉ አዩ። ቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች የሳሉበት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። በድንገት የተሰጣቸው ግን ፍቅራቸው ንክች አላለም። ጨዋታው ለዋንጫ ሲባል የሚሠራ ሥራ ሆኖ እንዳያርፍ፣ ዋንጫን ልጁን ወደ ልምምድ መደለያ አታድርጉት።

2. ዕድሜውን እዩ

የአምስት ዓመት ልጅ ከሆነ ይህን ሁሉ ተዉት። ለእሱ ዋንጫ የሚያብረቀርቅ መጫወቻ ነው፣ ማታ አቅፎት ይተኛል። በዚያ ዕድሜ ልጆች ብዙ መልፋትንና ጎበዝ መሆንን እንደ አንድ ነገር ነው የሚያዩት፣ ራሳቸውንም ከሌላው ጋር እያስተያዩ አይመዝኑም። "ይሄ እውነተኛ ዋንጫ አይደለም እኮ" ብላችሁ ስታብራሩ ትርፋችሁ እንባ ነው።

ከሰባት እስከ አሥር ባለው ዕድሜ መቁጠር ይጀምራሉ። "ዛሬ ውጤት አይያዝም" ተብለው እንኳ አሥራ አንዱም ልጅ ስንት ለስንት እንደሆነ ያውቃል። እዚህ ዕድሜ ላይ ዋንጫው ይቻላል፣ ውሸቱ ግን አይቻልም።

ከአሥራ አንድና አሥራ ሁለት በኋላ ጥረትና ችሎታን ለይተው ያውቃሉ። የመጨረሻ ለወጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ዋንጫ ስትሰጡት ዋንጫውን አያይም፣ ፊታችሁን ነው የሚያየው። ያዘናችሁለት እንደሆነ ይገባዋል። ለዚህ ዕድሜ እጁን ጨብጡት፣ የቡድን ፎቶ ስጡት፣ ዋንጫውን ላሸነፈው ተዉለት።

3. ከሜዳ እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ፦ አፋችሁን ያዙ

ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው። ብዙ ወላጅ (እኔንም ጨምሮ) የሚያበላሸውም እዚህ ነው።

ልጁ ተሸንፎ አንገቱን ደፍቶ ወጥቷል። እኛ ደግሞ ዝምታ አንችልም። ወይ "ዳኛው እኮ ነው" እንላለን፣ ወይ "ለምን ቀድመህ አልወጣህም?" ብለን ምርመራ እንጀምራለን፣ ወይ ዋንጫዋን ከፍ አድርገን "ይኸው አሸንፈሃል እኮ!" እንላለን። ሦስቱም የኛን ጭንቀት ነው የሚያስታግሱት።

"ምንም አይደል" የምትለዋን ቃልም እዩዋት። በደግ ልብ ነው የምንላት፣ ግን ለእሱ ምንም ሆኗል። ሰባት ጎል ገብቶበታል፣ ጓደኞቹ አይተዋል። "ምንም አይደል" ስትሉት ወይ የሚሰማው ነገር ስህተት ነው ማለታችሁ ነው፣ ወይ እናንተ አልገባችሁም። "አይዞህ" ግን ሌላ ናት። "አይዞህ" ውስጥ ውሸት የለም፤ ያመመህ እንዳመመህ ነው፣ እኔም አለሁ ነው የምትለው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

መጀመሪያ "አይዞህ" በሉት፣ ትከሻውን ያዝ አድርጉት። ከዚያ ውኃ ስጡት። ከዚያ ዝም። እሱ ካልጀመረ ስለ ጨዋታው አታንሱ። ቤት እስክትደርሱ ዝም ቢል ዝም ብላችሁ ሂዱ።

እሱ ከጀመረ ደግሞ ያለውን መልሱለት፣ ሳትቀንሱ ሳትጨምሩ።

"ሰባት ገባብኝ።"
"አዎ፣ ሰባት ገባብህ።"
"የመጨረሻውን መያዝ ነበረብኝ።"
"እሱ ነው ያናደደህ?"
"እህ።"

ይኸው ነው። "ግን እኮ ሁለት አድነሃል" ለማለት ምላሳችሁ ላይ ትመጣለች። ዋጧት። ለነገ ትሆናለች።

እያለቀሰ ከሆነ ይልቀስ። ልጅ ሽንፈት እንደማይገድል የሚማረው ተሸንፎ፣ አልቅሶ፣ ከዚያ እንባው በራሱ ሲቆምና የሚያስቅ ነገር ሲያገኝ ነው። በዋንጫ አፉን ካስያዛችሁት ያቺን የመጨረሻዋን ክፍል ሳያያት ያልፋል። ብቻውን ግን ይቻለው ማለቴ አይደለም። ኤሚ ወርነር የተባለች ተመራማሪ በሃዋይ ካዋይ ደሴት በ1955 የተወለዱ ልጆችን እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታትላ ነበር። በድህነትና በቤተሰብ ችግር ውስጥ ካደጉት መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ችግሩን ተቋቁመው ደህና ሰው ሆኑ። ከእነዚህ ጋር ተደጋግሞ የተገኘው አንዱ ነገር ቢያንስ አንድ የማይከዳ ትልቅ ሰው አጠገባቸው መኖሩ ነው፤ ወላጅ፣ አያት፣ አንዳንዴም አስተማሪ። በዚያ መንገድ ላይ ዝም ብላችሁ አብራችሁት ስትሄዱ ያንን ሰው እየሆናችሁ ነው።

4. "ጎበዝ" የምትለዋን ቃል ቀጥሏት

በአማርኛ ልጅን የምናሞግስበት ቃል አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ጎበዝ። ፈተና ደፈነ፣ ጎበዝ። ጫማውን አሰረ፣ ጎበዝ። ወድቆ አላለቀሰም፣ ጎበዝ። ቃሏ ጥፋት የለባትም፣ ግን ስለ ልጁ ማንነት እንጂ ስለሠራው ነገር አትናገርም። ነገ ሲሸነፍ "ታዲያ ጎበዝ አይደለሁም ማለት ነው?" የሚል ጥያቄ ይዛ ትመጣለች።

በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነው የፈተሸው። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች እንቆቅልሽ ነክ ጥያቄ ሠሩ። አንዱ ቡድን "ጭንቅላት አለህ" ተባለ፣ ሌላው "ለፍተህበታል"። ቀጥሎ ሆን ተብሎ ከባድ ጥያቄ ተሰጥቷቸው ወደቁ። ከዚያ እንደ መጀመሪያው ቀላል የሆነ ሲሰጣቸው ጭንቅላታቸው የተወደሰላቸው ከመጀመሪያው የባሰ ሠሩ፣ ልፋታቸው የተወደሰላቸው ደግሞ ተሻሻሉ። እኔን የገረመኝ ግን ይሄኛው ነው፦ ውጤታችሁን ለማታውቁት ልጅ ጻፉ ሲባሉ "ጭንቅላት አለህ" ከተባሉት ከ10 ልጆች 4ቱ ገደማ ውጤታቸውን ከፍ አድርገው ጻፉ። ውሸት ይዋሻሉ፣ ለማያውቁት ሰው!

ማጋነንም እንደዚያው ነው። በ2014 ኤዲ ብሩመልማንና ባልደረቦቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ ልጆችን ሥዕል አስለው፣ ከሠዓሊ የመጣ ነው ብለው የሙገሳ ወረቀት ሰጧቸው። በራሳቸው የማይተማመኑት ልጆች "በሚገርም ሁኔታ ውብ ነው" ሲባሉ ቀጥሎ ቀላሉን ሥዕል መረጡ። ከፍ አድርጋችሁ ስትሰቅሉት መውረዱን ይፈራል። የሚያሳዝነው፣ አብዝተን የምናጋንነው ደግሞ ለነዚሁ ልጆች ነው።

ታዲያ ምን ይባል? ያያችሁትን በሉ። "ጎበዝ" ካላችሁ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀጥሉ፦ "አምስተኛው ከገባ በኋላ እንኳ ተከላካዮቹን እየጮህክ ስታስተካክል ነበር።" ይህን ለማለት ግን ጨዋታውን ማየት አለባችሁ፣ ስልካችሁን ሳይሆን። "ጥረትህ ደስ ይላል" የምትለዋንም ሳይለፋ አትስጡት። የሰነፈ ልጅ መስነፉን ያውቃል።

5. ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ፦ አንዲት ነገር ብቻ

ስሜቱ በረድ ሲል ጠይቁት፦ "ከዚያ ቀን ጨዋታ አንድ ነገር ማስተካከል ብትችል የቱን ነው?" ሦስት ነገር አይደለም፣ አንድ።

የኔው ልጅ "በመሬት የሚመጣውን" አለኝ። ልክ ነው፤ ከሰባቱ አራቱ በእግሮቹ መሀል ሾልከው ነው የገቡት። ኳስ በመሬት ሲመጣ ቆሞ ብቻ ጎንበስ ይላል፣ እጁ ከሳታት ከኋላዋ የሚያግዳት የለም። ስለዚህ አንድ ጉልበቱን ወደ መሬት አውርዶ ክፍተቱን መዝጋት፣ ጣቶቹን ወደታች ዘርግቶ መቀበል፣ ከዚያ ወደ ደረቱ ማቀፍ። አምስት እርምጃ ርቄ አሥር ኳስ እመታለሁ፣ የያዘውን ቆጥሮ በሩ ጀርባ በለጠፍነው ወረቀት ላይ ይጽፋል። የመጀመሪያው ቀን 4። በማግስቱ 3፣ ተበሳጨ። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ 7። ጓደኛው ቤት ሲመጣ ያንን ወረቀት ጎትቶ ወስዶ አሳየው። ዋንጫዋን አላሳየውም።

በሩጫም ሆነ በሥዕል፣ በሙዚቃም ሆነ በሒሳብ ውድድር ያው ነው። የሚቆጠር፣ ትንሽ፣ እጁ ላይ ያለ ነገር ምረጡ። "ማሸነፍ" እጁ ላይ አይደለም፣ ተጋጣሚ አለው።

6. ቤት ውስጥ ትንንሽ ሽንፈት አስለምዱት

ቼዝም ይሁን ካርታ፣ ሆን ብላችሁ አትሸነፉለት። ትንሽ ካደገ ይነቃባችኋል፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ድሉንም አያምነውም። ሁሌ ማሸነፍም አይሆንም፣ ማን ዘወትር እየተሸነፈ ይጫወታል? መፍትሔው ሸክሙን በግልጽ ማመጣጠን ነው፦ "እኔ ያለ ንግሥት እጫወታለሁ።" ሲያሸንፋችሁ ንግሥቷን መልሷት። እሱ ራሱ "ዛሬ ከነንግሥትህ ና" የሚልበት ቀን ይመጣል።

7. "ልተወው" ካለ

በተሸነፈበት ማታ አይወሰንም። ይህን ሕግ ከውድድሩ በፊት ተነጋገሩ፦ የጀመርነውን ዙር እንጨርሳለን፣ ከዚያ መተው ትችላለህ። ዙሩ አልቆ አሁንም ካልፈለገ ተዉት፣ ሌላ ነገር ይሞክር። ግን ውድድር በመጣ ቁጥር ለቀናት እንቅልፍ የሚያጣ፣ ምግብ የሚዘጋ ወይም ራሱን ክፉኛ የሚሰድብ ልጅ ካላችሁ የዋንጫ ጉዳይ አይደለም፤ የልጆች ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሩ።

8. አሰልጣኝ ወይም አዘጋጅ ከሆናችሁ

ስቲከሩ ላይ እውነት ጻፉ። የቡድኑ ስም፣ ዓመቱ፣ የልጁ ስም፣ በቃ። ስሙን በትክክል ጻፉ ደግሞ! ስሙ የተሳሳተበት ዋንጫ "አላውቅህም" ማለት ነው።

ከቻላችሁ ዋንጫውን ትታችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር በእጃችሁ ጻፉ። "ከተጠባባቂ ወንበር ተነስተህ ስትገባ ሁሌ እየሮጥክ ነው።" አሥራ አምስት ልጅ፣ አሥራ አምስት ወረቀት፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የምትጽፉለት ነገር ያጣችሁለት ልጅ ካለ፣ ያንን ልጅ ሳታዩት ነው ውድድሩ ያለቀው።

አነጋገር ለውጥ እንደሚያመጣ ደግሞ መረጃ አለ። በ1992 ባርኔት፣ ስሞል እና ስሚዝ የልጆች ቤዝቦል ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ የተወሰኑ አሰልጣኞች ልጆችን እንዴት እንደሚያበረታቱና ስህተትን እንዴት እንደሚያርሙ የጥቂት ሰዓት ሥልጠና ወሰዱ። በቀጣዩ ዓመት ካልሠለጠኑት አሰልጣኞች ጋር ከተጫወቱት ልጆች 26 በመቶው አልተመለሱም። ከሠለጠኑት ጋር የነበሩት 5 በመቶ ብቻ። ልዩነቱን ያመጣው የትኛው ቡድን ብዙ አሸነፈ የሚለው አልነበረም።

9. ራሳችሁን ታዘቡ

ይቺ አጭር ናት ግን ትቆረቁራለች። ካይላ ሃይሞቪትዝና ካሮል ድዌክ በ2016 ያወጡት ጥናት ልጆች የወላጆቻቸውን አመለካከት የሚያነቡት ወላጁ ስለ ችሎታ ከሚያምነው ሳይሆን ልጁ ሲወድቅ ከሚያሳየው ነገር እንደሆነ ነው የሚያሳየው። ሲሸነፍ ፊታችሁ ቅጭም ካለ፣ አፋችሁ የፈለገውን ቢል ያነበበውን አንብቧል። እናንተም የተበላሸባችሁን ነገር ቤት ውስጥ አውሩ፦ "ዛሬ ሥራ ላይ ያቀረብኩት ሐሳብ ውድቅ ሆነ፤ ተናደድኩ፤ ነገ ቁጥሮቹን እንደገና አያቸዋለሁ።" ምክር አትጨምሩበት። እራት ላይ እንደ ወሬ ይለፍ።

10. መደርደሪያው

በዓመት አንዴ መደርደሪያውን አብራችሁ አራግፉ። ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚጣል የሚወስነው እሱ ነው፣ እናንተ ሣጥኑን ብቻ ያዙ። "እንዴ! ይሄንንማ አትጥልም" አትበሉ፣ እያንዳንዷን ሲያነሳ ግን "ይቺ የምን ነበረች?" ብላችሁ ጠይቁ። ያላሰባችሁት ወሬ ይወጣል።

የኔው ልጅ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው ስናራግፍ ስቲከሯ የተፋቀውን ዋንጫ አንስቶ ትንሽ ገላበጣትና ሣጥኑ ውስጥ ጣላት። ከሥሯ የነበረውን፣ አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደውን የበረኛ ጓንት ግን መልሶ ቦታው አስቀመጠው። እጁ ከገባበት ሁለት ዓመት አልፎታል።